ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጅ፣ እሳትና አጠገቡ የሚቆመው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዚህ ሳምንት ጥናታችን ከቤታችን አይርቅም። ልጅና እሳት ነው። ከመካከላችሁ ልጁን እዚሁ ሂንዳዊያ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያሳድግ አለ። ልጇን ለአያት ትታ በኢሞ እያየች የምታሳድግ አለች። የራሷን ልጅ ሳታይ የማዳሟን ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ የምትጠብቅም አለች። ሁላችሁም አንድ ነገር ታውቃላችሁ፦ ሕፃን እሳት ካየ ዓይኑን አይነቅልም። ክብሪት ካገኘ ይጭራል፤ ላይተር ካገኘ ሃምሳ ጊዜ ጠቅ ያደርገዋል፤ ሻማ ካየ ጣቱን ይሰዳል። «ተው!» ሲባል ይተውና ፊታችሁን ስታዞሩ ይመለሳል።

ታድያ ይህ ክፋት ነው? ዱላ ነው የሚያስፈልገው? ወይስ ክብሪቱን ደብቆ በሩን መቆለፍ? አባቶቻችንና እናቶቻችን ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል። እስቲ ምን እንዳደረጉ፣ የትኛው እንደበጀና የትኛው እንዳልበጀ በቅደም ተከተል እንይ። ከዚያ ወደ ክፍላችን እንመለሳለን።

፩. ፍም የጎረሰው ሕፃን

ከአይሁድ መምህራን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በእኛም መምህራን ዘንድ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በኦሪቱ ላይ የተጻፈ አይደለም። ሙሴ ስለ ምን ኮልታፋ ሆነ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ሕፃኑ ሙሴ በፈርዖን ቤት ሲያድግ አንድ ቀን የንጉሡን ዘውድ ያነሣል። አማካሪዎቹ ደነገጡ፤ ይህ ልጅ መንግሥትህን ሊወስድ ነውና ይገደል አሉ። ሌላው ግን ሕፃን ነው፣ የሚያደርገውን አያውቅም፣ እንፈትነው አለ። በአንድ በኩል ወርቅ፣ በሌላ በኩል ፍም አቀረቡለት። ወርቁን ካነሣ ዐውቆ ነው ያደረገው፤ ፍሙን ካነሣ ግን ልጅ ነው። ሙሴ ፍሙን አነሣና ወደ አፉ ከተተው። ምላሱ ተቃጠለ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በዚያ ችሎት ፊት እሳት መንካቱ የልጁ የንጽሕና ምስክር ሆነ። ታሪኩን ያወረዱልን አባቶች ልጅ የሚያበራ ነገር ሲያይ እጁን እንደሚሰድ፣ ይህም ከተንኮል እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። እኛም ብልህ ልጅ ስናይ «እሳት የላሰ ነው» እንላለን አይደል? የሚነካካ ልጅ የሚጠይቅ ልጅ ነው። በእጁ የሚጠይቀው አፉ ገና ስላልደረሰ ነው።

ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው። በዚያ አዳራሽ ንጉሥ ነበረ፣ ጠቢባን ነበሩ፣ አሽከሮች ነበሩ። ሁሉም ልጁን ይመለከቱ ነበር። ከሰው ወገን እጁን የያዘለት ግን አልነበረም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

፪. እሳቱን ማን ያዘ?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 ላይ አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ ሸክሙን እንዴት እንዳከፋፈለ ተጽፏል። እንጨቱን ለልጁ አሸከመው። እሳቱንና ቢላዋውን ግን ራሱ ያዘ። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ስናነብ ስለ መሥዋዕቱ እናስባለንና ይህቺን ትንሽ ነገር እናልፋታለን። ወደዚያ ከባድ መንገድ እየሄደ እንኳ አባት የሚያቃጥለውንና የሚቆርጠውን ከልጁ እጅ አራቀ። ልጁን ግን ባዶ እጁን አልተወውም፤ የአቅሙን ሰጠው።

የአገራችን ባላገር ቤትም በዚሁ ልማድ የኖረ ነው። ጎጆ ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ሦስቱ ጉልቻ ቤቱ ውስጥ መሬት ላይ ነው፤ በር የለው፣ አጥር የለው። ሕፃኑ ድኾ የሚደርስበት ቦታ ነው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ደግሞ እሳት እንዲጠፋ አይፈለግም ነበር። ማታ እናት ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገልጣ ረመጡ ላይ ጭራሮ ጨምራ እፍ ትላለች። ሌሊቱን ከጠፋባት ልጇን «ሂድ፣ ከነእከሌ ቤት እሳት ጭረህ ና» ብላ ትልከዋለች። ልጁ ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቲቱ ፍም ታስይዘዋለች። እሱም እንዳይጠፋበትም እንዳይፈጀውም፣ ነፋሱን በጀርባው እየከለለ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እስቲ ይህን እንደ ትምህርት ቤት እንየው። ትንሹ ልጅ ጭራሮና ኩበት ይለቅማል። ከፍ ሲል እሳቱን እፍ ይላል፤ እንጨት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ጢሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው ከየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት ይማራል። ከዚያ ፍም ይሸከማል። ሴት ልጅ ከሆነች ምጣድ አጠገብ ከእናቷ ጋር ትቆማለች። ደረጃ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አለ፦ ከቤት የላከችው እናት፣ ፍሙን ያስያዘችው ጎረቤት፣ መንገድ ላይ «ቀስ በል፣ ልብስህን እንዳይነካህ» የሚለው አላፊ አግዳሚ።

ዳንኤል ፌስለር የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። የእሱ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ልጆች እሳትን በየቀኑ በሚያዩበትና በሚሠሩበት ማኅበረሰብ ገና በልጅነታቸው ይለምዱታል። ከለመዱት በኋላ ጉጉቱ ይበርድና እሳት እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ይሆንባቸዋል። እሳት በማይነኩበት የከተማ ኑሮ ግን ጉጉቱ ሳይጠግብ ይቆይና እስከ ጉርምስና ይዘልቃል። ምሁሩ ይህን በወረቀት አሰፈረው፤ እናቶቻችን ግን ልጁን እሳት ሲያስጭሩት በተግባር ይሠሩበት ነበር።

ያለፈውን ሁሉ ግን አናሳምረው። ያ ክፍት ምድጃ ብዙ ልጅ ፈጅቷል። የፈላ ውኃ የተደፋበት፣ ረመጥ የረገጠ፣ ምጣድ ላይ የወደቀ ልጅ ያላየ ባላገር ጥቂት ነው። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች በወደቁ ቁጥር ምድጃው ይጠብቃቸው ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ቁጥር 15 ላይ ወደ ጌታ የመጣው አባት ልጁ ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥ እንደሚወድቅ ይናገራል። ያ አባት ብዙ ጊዜ መሆኑን በምን አወቀ? በወደቀ ቁጥር ያወጣው እሱ ስለሆነ ነው። በአገራችንም ዛሬ ድረስ እንዲህ ያሉ ወላጆች አሉ። ለእነርሱ ጸሎቱም፣ በጤና ተቋም የሚሰጠው የሚጥል በሽታ መድኃኒትም፣ ምድጃውን ከፍ ማድረግም ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

፫. ለእሳት ቀን ተቆረጠለት

አባቶቻችን ሌላም ጥበብ ነበራቸው። የልጆችን የእሳት ጉጉት አይተው ለጉጉቱ ቀን ቆረጡለት፤ ትርጉምም ሰጡት።

ነሐሴ 12 ማታ የደብረ ታቦር ዋዜማ ነው፤ ቡሄ። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየቤቱ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣቸዋል። በብዙ አካባቢም ችቦ ይበራል። መምህራን ሲያስተምሩ ብርሃኑ ጌታ በታቦር ተራራ ላይ የገለጠውን ብርሃን ያስታውሳል ይላሉ። በዚያች ሌሊት በብርሃኑ ተስበው በመስክ የቆዩ እረኞች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ተብሎም ይተረካል። ይህን ትረካ አስተውሉት፦ በቡሄ እሳቱን ይዞ የሚወጣው ልጁን ፍለጋ የሚሄድ ወላጅ ነው።

በሸዋና በአዲስ አበባ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የችቦ ማታ ነው። ጭራሮው አስቀድሞ ይደርቃል፤ ይታሰራል። ማታ ቤተሰቡ ደጅ ይወጣል፤ አባወራው ያቀጣጥላል፤ ልጆች አንድ አንድ ችቦ ይይዛሉ። ሲያልቅ ችቦዎቹ ባንድ ላይ ይጣላሉና አንድ እሳት ይሆናሉ። ሁሉም ከቦ ይጨፍራል። በቤት ውስጥ «እሳት አትንካ» የተባለው ልጅ ዛሬ ደጅ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ እሳት ያዘ።

መስከረም 16 ደግሞ ደመራ ነው። ንግሥት እሌኒ የዕጣኑን ጢስ ተከትላ የጌታችንን መስቀል ያገኘችበትን እናስባለን። በመስቀል አደባባይ የሚደመረው ትልቁ ደመራ በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለዛሬው ጥናታችን የሚጠቅመን ግን የሰፈሩ ትንሽ ደመራ ነው። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፦ የሰፈር ልጆች በየቤቱ እያንኳኩ እንጨት ወይም ሳንቲም ይለምናሉ፤ ራሳቸው ይደምራሉ። እሳት ሲለኮስ ግን ትልልቆቹ ይወጣሉ። ዋናው ምሰሶ ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉም ያያል፤ ልጆች ከዚያ በኩል እንዲርቁ ይደረጋል። ሲያልቅ በአመዱ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት ይደረግላቸዋል። እሳቱ ጀመረ፣ ነደደ፣ አመድ ሆነ፣ በረከት ሆነ። ልጁ የእሳትን ሙሉ ዕድሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ።

እዚህ ላይ ልጆች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በእቶን መካከል ቆመው ይታያሉ። ሕፃኑ ቂርቆስም ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ መካከል ይታያል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በየዓመቱ ይህን እንሰማለን። ልጁም «እኔንስ መልአኩ ያወጣኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን አትሳቁበት፤ በግልጽ መልሱለት። ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እሳቱ የገቡት ለጨዋታ አልነበረም፤ በግድ ተጥለው ነው። ጌታም ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ እምቢ አለ። ተአምር ይመጣል ብለን እሳት አንነካም። ደግሞም ቂርቆስ ብቻውን አልነበረም፤ እናቱ አብራው ነበረች።

፬. ማስፈራሪያ፣ በርበሬና ካሣ

አሁን ወደማያኮራው የታሪካችን ክፍል እንምጣ። ብዙ ወላጅ ልጁን ከእሳት የሚያርቀው በማስፈራራት ነበር። «በእሳት ከተጫወትክ ሌሊት አልጋህ ላይ ትሸናለህ» ስትባሉ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። ይህ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጀርመኖችም ጃፓኖችም ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩት በዚሁ ቃል ነው። ወላጅ በየአገሩ አንድ ነው። ችግሩ ልጁ አንድ ቀን ክብሪት ጭሮ፣ ሌሊቱን ሳይሸና ሲያድር ነው። በዚያን ጊዜ «ዋሽተውኛል» ይላል፤ «ቤት ያቃጥላል» የሚለውን እውነተኛውን ቃልም አብሮ ይጥለዋል።

ሌላው ቅጣት ነው። በአገራችን ያጠፋን ልጅ በበርበሬ ጢስ ማጠን የኖረ ልማድ ነው። እሳት የነካ እጅን መልሶ ወደ እሳት በማስጠጋት «ይኸው፣ ቅመሰው» ማለትም አለ። እስቲ እናስብ፤ በእሳት አትጫወት የሚለውን ትምህርት በእሳትና በጢስ እንዴት እናስተምራለን? ልጁ የሚማረው እሳት የጉልበተኛ መሣሪያ መሆኑን ነው። ነገ ተደብቆ ይጭራል፤ ከአልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ። ደጅ ላይ ቢሆን አፈር ይጠቁር ነበር፤ ተደብቆ ሲሆን ግን ቤቱ ይነዳል። የሚፈራ ልጅ ደግሞ እሳቱ ሲያይልበት አይጮኽም። እንዳይመታ ይሸሸጋል። እሳት በተነሣበት ቤት የተሸሸገ ልጅ እንዴት ይገኛል?

ሕጉ ምን ይላል ካላችሁ፣ ገና በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 ላይ እሳት አንሥቶ የሌላውን ክምርና አዝመራ ያቃጠለ ሰው እንዲከፍል ታዟል። ከአብርሃም ታሪክ ጋር ምዕራፉም ቁጥሩም አንድ ነው፤ ዘፍጥረት 22፥6፣ ዘጸአት 22፥6፤ ለማስታወስ አይከብድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን በካሣ ተጠያቂ ያደርጋል። ሕግ ከልጁ ክብሪት በስተኋላ የሚፈልገው ትልቁን ሰው ነው።

ፈረንጆችም በዚሁ መንገድ አስበው የሠሩት አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጣለው ላይተር ትንሽ ልጅ በቀላሉ እንዳያበራው ሆኖ እንዲሠራ አስገደደች። ከዚያ በኋላ ሕፃናት በላይተር በሚያስነሡት እሳት የሚሞተው ሰው ቀነሰ። የልጁን ጠባይ አልለወጡም፤ ዕቃውን ለወጡት።

፭. በመካ የተቆለፈው በር

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንምጣ። መጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከጅዳ ብዙም በማትርቀው በመካ፣ በአንድ የሴት ልጆች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሳት ተነሣ። 15 ልጃገረዶች ሞቱ፤ በርካቶች ቆሰሉ።  ምክንያቱ የተጣለ ሲጋራ ነው ተባለ። ሕንፃው ተማሪ በዝቶበት ነበር፤ የእሳት መከላከያ በቂ አልነበረም፤ በሩ በቁልፍ የሚጠበቅ ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹን የፈጀው ነበልባሉ ሳይሆን በደረጃው ላይ የተፈጠረው መረጋገጥ ነው። ሁሉም የሳዑዲ ልጆች አልነበሩም፤ ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ነበሩባቸው። እንደ እኛ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ልጆች ማለት ነው። በዚያው ወር መንግሥት የሴት ልጆችን ትምህርት ያስተዳድር የነበረውን መሥሪያ ቤት ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ቀላቀለው።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በሚና የሐጃጆች ድንኳን ላይ እሳት ተነሥቶ 343 ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ የጋዝ ምድጃ ነው ተባለ፤ ነፋሱ ከድንኳን ወደ ድንኳን አዛመተው። ከዚያ በኋላ እሳት በቀላሉ የማይበላው ድንኳን ተተከለ፤ በድንኳኖቹ ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ቀረ።

ሁለቱን አደጋዎች አንድ ላይ አስቀምጡና እዩአቸው። በሚና ጋዝ ነበር፤ በመካ ቁልፍ ነበር። እስቲ አሁን ክፍላችሁን ተመልከቱ። ጋዝና ቁልፍ አንድ ላይ ያሉት የት ነው?

፮. የእኛ ክፍል

በግልጽ እንነጋገር። ከመካከላችን ወደ ሥራ ስትወጣ ልጇን ክፍል ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ የምትቆልፍ እናት አለች። ጭካኔ እንዳልሆነ እናውቃለን። ወረቀት የለም፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚያስገባ ገንዘብ የለም፤ ልጁ ደጅ ወጥቶ ቢጠፋስ፣ ቢያዝስ? ቁልፉ ለልጁ የተገዛ ደኅንነት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የጋዝ ሲሊንደሩ አለ፤ የቡና ከሰሉ፣ ዕጣኑና ላይተሩም አሉ። መስኮቱ ደግሞ ብረት አለው። ከሁሉ የሚከፋው የሙሴ ዘመን ነገር ነው፦ እጁን የሚይዝለት ሰው የለም። የፈርዖን ቤት ቢያንስ የሚያይ ሰው ነበረው።

የዛሬ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። እሳትን በስልክ ያየዋል፤ ደመራን እንኳ የሚያውቀው በቪዲዮ ነው። በስልክ ያለ እሳት አያሞቅም፣ አይፈጅም፣ ሲጠፋም አመድ የለው። የአያቱ ቤት ልጅ በአምስት ዓመቱ የሚያውቀውን እሱ አያውቅም። የጋዝ እሳትም እንደ ምድጃው አያስተምርም። ፍም ቀልቶ «ተጠንቀቅ» ይላል፤ ጋዝ ሲያፈስ ግን አይታይም፤ ሽታውን የማያውቅ ልጅ ምን እንደሆነ አይገባውም።

ስለዚህ ከአባቶቻችን የተማርነውን ወደዚህ እናምጣ።

አንደኛ፣ ልጅ ብቻውን አይቆለፍበት። ይህን አንዲት እናት ብቻዋን ልትወጣው አትችልም፤ የማኅበሩ ሥራ ነው። ፈረቃችን ይለያያል፤ አንዷ ማታ ስትሠራ ሌላዋ ቀን ትሠራለች። ተራ እናውጣ። ዕቁብ በተራ እንጥል የለም እንዴ? ሰዓትም እንደ ዕቁብ ይጣላል። አገር ቤት ጎረቤት ፍም እንዳስያዘች፣ እዚህም ጎረቤት ልጅ ትያዝ። ተራው እስኪደርስ ድረስ እንኳ የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ አንዲት የምታምኗት ጎረቤት እጅ ይኑር።

ሁለተኛ፣ እንደ አብርሃም አከፋፍሉ። ላይተርና ክብሪት ከትልቅ ሰው እጅ አይውጣ፤ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የሲሊንደሩ ቁልፍ ከወጥ በኋላ ሁልጊዜ ይዘጋ። ለልጁ ግን የአቅሙን ስጡት፦ ስኒ ያቅርብ፣ ቄጤማ ይጎዝጉዝ፣ ዕጣኑን ያቀብላችሁና እናንተ ከሰሉ ላይ ጣሉት። በጸሎት ጊዜ ሻማውን እናንተ አብሩ፤ እሱ እጁን በእጃችሁ ውስጥ አድርጎ ያጥፋ። ጉጉቱ የሚጠግበው እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጫረ እውነቱን ይንገራችሁ ዘንድ አታስፈራሩት። «እሳት ካየህ አትሸሸግ፤ ውጣ፣ ጩኽ፤ አልመታህም» ብላችሁ ዛሬ ማታ ንገሩት። ቃላችሁንም ጠብቁ። ደግሞ ደጋግሞ ተደብቆ የሚያቃጥል ልጅ ካለ ከቁጣው በፊት ምን እንደከበደው ጠይቁ፤ አባቱ ከራቀ፣ እናቱ ሌሊት ከምታለቅስ ልጅ እሳቱ ሌላ ነገር ይናገር ይሆናል።

አራተኛ፣ ለማዳም ቤት ሠራተኞች። በመብኸራው ላይ ያለው ከሰል ለሳዑዲው ልጅም ያው ፍም ነው። ዕጣን ስታጤሱ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ዞራችሁ ስትጨርሱ ከሰሉን በውኃ አጥፉት። የሰው ልጅ ነው ብላችሁ አታቅሉት፤ የእናንተን ልጅም አገር ቤት ሌላ ሰው እያየላችሁ ነው። ልጃችሁ አገር ቤት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ስትደውሉ ለአያትዬው ስለ ምድጃው ጠይቋቸው፤ ከምትልኩት ብር ላይ ምድጃውን ከፍ ለማድረግ የሚሆን ጨምሩ።

አምስተኛ፣ አደጋ ከደረሰ። ቃጠሎውን ወዲያው በቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አብርዱት። በበጋ የጣሪያው ታንከር ውኃ ትኩስ ስለሚሆን የሚጠጣ ውኃ ተጠቀሙ፤ በረዶ ግን አይሆንም። ቅቤ፣ ጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል አትቀቡ። ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት ላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቤት ከነደደ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ይደወል፤ በመካ አውራጃ፣ ጅዳም ጭምር፣ 911 ነው፤ የሲቪል መከላከያው 998 ነው። ኢቃማ የሌለው ሰው መደወል እንደሚፈራ እናውቃለን። መደወል ካቃታችሁ ጎረቤት ይደውል፤ ጩኹ። የጠፋ ወረቀት ይተካል፤ የተባረረም አገሩ ይገባል፤ ልጅ ግን አይተካም።

ለውይይት

1. በልጅነታችሁ እሳት ያስተማራችሁ ማን ነበር? በምን መንገድ?
2. ከመካከላችን ልጁን ቆልፎ የሚወጣ ካለ ሳንፈርድበት በየትኛው ቀንና ሰዓት ልንተካው እንችላለን? በዚህ ጉባኤ ስም ዝርዝር ይያዝ።
3. ነሐሴ 12 እና መስከረም 16 ሲደርሱ፣ ደመራና ችቦ በሌለበት በዚህ አገር፣ ልጆቻችን የብርሃኑን ትርጉም በምን እንዲያዩት እናድርግ?

ወረቀቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጅ ላላት እህት አስተላልፉት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ ቅጠሉን መቁረጥ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።